ቅቤ የጠጣው ኳስ

በእኛ ቤት ቡፌ ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በስኒዎቹና በሠርጌ ብርጭቆዎች መካከል አንድ ኳስ ተቀምጧል። ተቀምጧል ስላችሁ እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ ከሥሩ በእጄ የሠራሁት ዳንቴል ተነጥፎለታል። እንግዳ መጥቶ ስኒ ላወጣ ቡፌውን ስከፍት መጀመሪያ ኳሱን በሁለት እጄ አንሥቼ፣ አልጋ ላይ አስቀምጬ፣ ከዚያ ነው ስኒ የማወጣው። ልጆቼን እንኳ ይሄን ያህል ዘመን አላቀፍኳቸውም። ልጅ ሲያድግ ከእቅፍ ይወርዳል፤ ይሄ ግን አላደገልኝም።

ኳሱ የባለቤቴ የዘለቀ ነው። የኔ ድርሻ መጥረግ ብቻ ነው። ከዚሁ ከመጥረጉ የመጣውን ጣጣ ነው እንግዲህ የምጽፍላችሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ ነው። አንድ ገጽ ጽፌ እስክጨርስ ድንቹ ያርርብኛል። ስለዚህ መንገድ ባበዛባችሁ ታገሡኝ፤ አንዳንዴ ከመሐል የማቋርጠው ድስት ላማስል ስነሣ ነው።

ያኔ ዘለቀ ጎባ ውስጥ ከአንድ ጫማ ቤት ተቀጥሮ ጫማ ይሰፋ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለጎባ ልጆች ኳስ ይጫወታል። ይጫወታል ማለቴ ይቀመጣል። ተጠባባቂ ነበር። እንደሱ መጠባበቅ የሚያውቅ ሰው አላየሁም፤ እኔ ዘንድ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባብቋል። ጎባና ሮቤ በመኪና አንድ እንቅልፍ የማይሞላ መንገድ ነው ያለያቸው። በኳስ ጊዜ ግን በመካከላቸው ባሕር ይገባል። ሮቤዎች እኛን ብርዳሞች ይሉናል፣ እኛ እነሱን አቧራሞች እንላቸዋለን፤ ሠርግ ሲሆን ደግሞ ተጠራርተን አብረን እንበላለን።

ታዲያ አንድ ቀን ጎባና ሮቤ ገጥመው ጨዋታው እኩሌታ ላይ ሲደርስ የኳሱ ስፌት ተፈታና ላስቲኩ እንደ ምላስ ወጣ። ሌላ ኳስ የለም። ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል ያ ተቀምጦ የኖረ ሰው ተነሣ። ጫማ ቤት ሮጦ ወስፌና ሰም የተቀባ ክር ይዞ መጣ፤ ሜዳው መሐል ተንበርክኮ ኳሱን ሰፋው። ሁለት ከተማ ሙሉ ሰው ዙሪያውን ቆሞ መርፌ ሲገባና ሲወጣ ተመለከተ። ጨዋታው ቀጠለ። መጨረሻ ላይ የጎባው በቀለ፣ የዘለቀ የልብ ጓደኛ፣ ጎል አገባ። ዳኛው ኦፍሳይድ ነው ብለው ሰረዙት። ባዶ ለባዶ ተለያዩ። የጎባ ልጆች ከንዴታቸው የተነሣ ዋንጫ እንዳገኙ ሆነው ኳሱ ላይ አሥራ አንዳቸውም በእስክሪብቶ ፈረሙና ለዘለቀ ሰጡት። ይኼው ነው ታሪኩ። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

ፊርማ በነፃ ነው የሚፈረመው ይባላል። አይደለም። ኳሱ ቤታችን ከገባ በኋላ ልጆች እንዳይራገጡት ቁልፍ ያለው ቡፌ ማሠራት ነበረበት፤ ለጊደር ያስቀመጥነው ለቡፌ ሄደ። ወተቱን ከጎረቤት፣ ኳሱን ከቡፌ እያየን ኖርን። ከዚያ ኳሱ ብቻውን እንዳይከፋው ነው መሰለኝ ዘለቀ የበረኛውን ጓንት አስፈርሞ አመጣ፣ ቀጥሎ የአንዱን ማልያ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር የሚሰበስብ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ልግዛችሁ አለ። ዘለቀ አልሸጥም አለ። ሰውዬው ሐሳቡን ይቀይር እንደሆነ ብሎ ሁለት ቀን ቆየ፤ ሁለት ቀን ምሳና እራት አበላሁት። ያልተሸጠ ዕቃ ይሄን ያህል ካስወጣ የተሸጠው ምን ያስወጣ ይሆን እያልኩ።

ኋላ የዘለቀን ዓይን ሞራ ያዘው። አራት ዓመት ሙሉ ስሞቹን ማንበብ አቃተው። እሁድ እሁድ ኳሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ስፌቱን በጣቱ እየተከተለ፣ እዚህ ጀማል ነው፣ እዚህ ቃድር ነው፣ እዚህ በቀለ ነው ይለኛል። በቀለ ላይ ሲደርስ ጣቱ ይቆማል፤ በቀለ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በመጨረሻ ልጃችን አልማዝ አዲስ አበባ ወስዳ ልታሳክመው መጣች። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ኳሱን አደራሽን አለኝ። ራስሽን ጠብቂ የሚለው ሁለተኛ ነው የመጣው።

እንግዲህ ወሩ ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ የገባበት፣ የነቢያት ጾም ነው። የጎባ ብርድና ደረቅ ንፋስ ምን እንደሚያደርግ የጎባ ሰው ያውቃል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ በር ይሰነጠቃል። ቡፌውን ከፍቼ ሳይ የኳሱ ቆዳ እንደ እረኛ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ደነገጥኩ። አደራ ነው የተባልኩት። በዚያው ሳምንት ደግሞ የክርስትና ልጄ እናት ከዲንሾ አንድ ሞሳ ሙሉ ለጋ ቅቤ ልካልኛለች፤ ጾም መሆኑን ረስታ ነው። ለወጥ አይገባ፣ ብቻዬን ነኝ። ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ ይቀባል፤ እናቴም አያቴም ያደረጉት ነው። የፈረሱን ኮርቻም፣ አገልግሉንም፣ የልጁንም ራስ።

ቀባሁት። እንዲያውም አሸሁት። ከዚያ ቅቤው እንዲገባለት ፀሐይ ላይ፣ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ኳሱ ጠጣ። ደግሜ ቀባሁት፣ ደግሞ ጠጣ። ጠግቦ ሲያበራ በነጭ ጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። አይ የዚህ ሰውዬ ኳስ፣ ስንት ዘመን የተጠራቀመ እድፍ ነው አልኩና ደስ ብሎኝ በሁለት እጄ ፈተግኩት። አንዱን ጎን ጨርሼ ወደ ሌላው ሳዞር ነው ልቤ ጥርጥር ያለው። ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ወጣሁ። ኳሱ እንደ ተወለደ ልጅ ንጹሕ ነበር። አንድም ሰው የለበትም።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ጮኸ። አልማዝ ናት፤ ፋሻው ተፈታ፣ አባዬ አየ ትለኛለች። አለቀስኩ፤ ለየትኛው እንዳለቀስኩ ግን እሷ አላወቀችም። ሐኪሙ ደግሞ ዓይኑ እስኪጠግግ አይናደድ፣ አይደንግጥ፣ በተለይ እንዳያለቅስ ብሏል አለችኝ። ቀጥሎ ዘለቀ ተቀበላት።

«የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እገባለሁ» አለኝ። «መጀመሪያ የማነበው ኳሱን ነው። አልማዝ ጋዜጣ አምጥታልኝ ነበር፣ አላነብም ብያለሁ።»

እንዴት ብዬ ልንገረው? ሰውዬው ዓይኑን እንደ ስለት ዕቃ ቆጥቦ ለዚያ ኳስ እያቆየ ነው። ስምንት ቀን ቀርቶኛል።

ኑሪያ ጎረቤቴ ናት፤ አጥር ለአጥር ሠላሳ ዓመት ኖረናል። ረመዳን ሲሆን እኔ ሾርባ እልክላታለሁ፣ ፋሲካ ሲሆን እሷ በግ የሚያርድ ሰው ትፈልግልኛለች። ኳሱን በነጠላ ሸፍኜ ይዤላት ሄድኩ። ገልጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ ሳቀች፤ ከዚያ የኔን ፊት አየችና ሳቋን አቆመች።

«ሰዎቹ አሉ አይደል?» አለች። «ቅቤ የወሰደው ቀለሙን ነው፣ ሰዎቹን አልወሰደም። እንደገና ይፈርሙ።»

እንዲህ ስትለው ቀላል ነው የሚመስለው። የኑሪያ ወንድም ጀማል ያኔ አምበል ነበር፤ አሁን ጎባ ገበያ እህል ይነግዳል። በማግሥቱ ከእሱ ጀመርኩ። ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ። ጀማል ታሪኩን ሰምቶ ብዙ አልሳቀብኝም፤ ከእህቱ ይሻላል። እስክሪብቶውን ይዞ ኳሱ ላይ ጫን ሲያደርገው ግን እስክሪብቶው ጭቃ ላይ እንዳለ ባጃጅ ተንሸራተተ። ቅቤው ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። በዚህ መሐል ሚስቱ ገንፎ አቀረበች፣ መሐሉ ላይ የቅቤ ኩሬ ያለበት። ጾም ነኝ አልኩ። እንዲያማ ከሆነ ሳትበዪ አትወጪም ተባልኩና ምስር እስኪበስል ተቀመጥኩ። ግማሽ ቀን ሄደ፤ የያዝኩት ፊርማ የለም።

ተመልሼ ከኑሪያ ጋር ተማከርን። ቅቤውን የሚመጥ ዱቄት ነው አለች፣ እኔ ጨው ይጨመርበት አልኩ። የገብስ ዱቄትና ጨው ቀላቅለን ኳሱን ስናሸው፣ ስናሸው ዱቄቱ ቅቤውን ጠጥቶ ተጠቀለለ። ኑሪያ ከመዳፏ ላይ ያለውን አይታ፣ «በይ እንግዲህ ጩኮ ሠርተሻል፣ የሚበላ እንግዳ ጥሪ» አለችኝ። የባሌ ሰው ጩኮን ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ ነው የሚሠራው፤ ከኳስ የሠራሁት እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። ሦስት ጊዜ ካሸነው በኋላ ኳሱ ደረቀ። እስክሪብቶውን ትተን የማይለቅ ነው የተባለ ማርከር ገዛሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ጥሩ ሄደ። ጥሩ ሄደ ማለቴ እግሬ አለቀ። ጀማል ፈረመ። ጎባ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ሰባት በሁለት ቀን ተኩል ፈረሙ። ግን ማንም ሰው ፈርሞ ብቻ አይሰድም። ኳሱን ሲያይ እያንዳንዱ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ይጫወተዋል። አንዱ እንዲያውም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወንበሩን ገፍቶ ተነሥቶ እንዴት እንደመታው ሲያሳየኝ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ጓዳ ገባ። ስሰማው ስሰማው፣ ባዶ ለባዶ ባለቀው ጨዋታ አሥር ያህል ጎል ገብቶ ነበር። ለአንዱ ስኳር፣ ለአንዱ ያልተቆላ ቡና፣ ለአንዱ አንድ ጣሳ ባቄላ። ቤቴ እየቀለለ፣ ኳሱ እየከበደ ሄደ።

በረኛው ሐጂ ቃድር ሮቤ ነው የሚኖረው። በጋብቻ ወደ ሮቤ ስለተሻገረ ጎባዎች አሁንም ከዳን እንለዋለን። ከሐረና ጫካ የመጣ ማር ይዤለት ሄድኩ። ሐጂ እጁን ታጥቦ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ ቀስ አድርጎ እንደ ኒካህ ውል ፈረመ። ድንች ቀቅለው አበሉኝ። ከዚያ፣ የአሥራ አንደኛውን ስም በደንብ አላስታወስኩትምና ማን ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ጀማል፣ አሥራ አንደኛው ሁሴን ነው ብሎኝ ነበር። ሐጂ የለም፣ ሁሴን ያን ቀን ታሞ ነበር፣ የተጫወተው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው አለ። ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ አሁን ሽማግሌ ነው፣ እንዴታ እኔ ነበርኩ አለና ማርከሩን ከእጄ ሊወስድ ሲል የኔ ልብ አልተቀበለውም። አገባሁት ያለውን ጎል ያገባው በጭንቅላቱ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ያን ጎል በቀለ በእግሩ አገባው ብለውኛል። ለማንኛውም የሰጠሁት ቡና ቀረ።

የበቀለ ነገር ቀድሞ አሳስቦኝ ነበር። የሞተ ሰው እንዴት ይፈርማል? ባለቤቱ ዘውዴ ዘንድ ሄጄ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ዘውዴ ኳሱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«የበቀለን ደመወዝ ሃያ ዓመት የፈረምኩ እኔ አይደለሁ?» አለችኝ። «እሱማ ወረፋ አይወድም ነበር። ከእሱ ፊርማ የኔ ፊርማ ነው እሱን የሚመስለው።»

መነጽር ሳታደርግ፣ አንዴ ሳታቆም፣ ጭራውን ወደ ላይ ቆልምማ ፈረመች። ከዚያ ኳሱን ቶሎ አልመለሰችልኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ስኳሩንም አልቀበልም ብላ መልሳ ዘንቢሌ ውስጥ ከተተችው፤ ከሁሉም ቤት ሳይከፈል የተፈረመ እሱ ብቻ ነው።

አሥሩ ሞላ። አሥራ አንደኛውን በእርግጥ የሚያውቅ ከዘለቀ ሌላ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ ዳኛው መምህር ታደሰ። ጨዋታ ሁሉ በደብተራቸው ይጽፉ ነበር። መምህር ጎባ ነው ያሉት፣ ከቤታችን ሁለት መንደር አልፎ። ዘለቀ ግን ያቺን ጎል ከሰረዙ ጀምሮ አያናግራቸውም። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ፊቱን ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ያዞራል። በቀለ ሲሞት መምህር ቀብር መጥተው ከኋላ ቆመው ነበር፤ ዘለቀ ያንን እንደ ድፍረት ቆጠረባቸው።

ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶኛል። መምህር ከአልጋቸው ሥር ሳጥን ስበው፣ ከሳጥኑ ደብተር አውጥተው፣ ከደብተሩ ላይ ላስቲክ ፈቱ። ቀስ ይላሉ። ገጹን ካገኙት በኋላ ግን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«አነብልሻለሁ» አሉኝ። «እኔም እፈርማለሁ።»

«መምህር፣ እርስዎ ከፈረሙበት ዘለቀ የዳነው ዓይኑ መልሶ ይታመማል።»

«ዳኛ የሌለው ጨዋታ የት አለ? ያን ቀን ሃያ ሁለት ሰው ሲሮጥ እኔም አብሬ ስሮጥ ነበር። ውኃ እንኳ የሰጠኝ የለም።»

እውነታቸውን ነው፤ ውኃ የሰጣቸው አልነበረም። ዱላ የሰጣቸው ግን ሞልቶ ነበር። ምን ላድርግ? ካልፈረሙ አሥራ አንደኛው የለም፣ ከፈረሙ ዘለቀ የማይፈልገው ሰው በቡፌው ውስጥ ሊኖር ነው። እንግዲያው እታች፣ ስፌቱ ዘንድ፣ ትንሽ አድርገው ይፈርሙ አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ከዚያ ኳሱን አዙረው ሰፊውን ባዶ ቦታ፣ መሐል ለመሐል መረጡና ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ከሥሩ «ዋና ዳኛ» ብለው ጨመሩ። ከሥሩ አሰመሩበት። መምህር መሆናቸውን ረስቼ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ የለመደ እጅ ትንሽ አድርጎ አይጽፍም።

አሥራ አንደኛው ሁሴን ነበር። ጀማል ልክ ነው። ሁሴን ርቆ፣ ብድሬ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ከብት ይነግዳል። ብድሬ ሄጄ እስክመለስ ዘለቀ ቀድሞኝ ይገባል። መምህር ግን ስልክ አነሡ፤ ሁሴን ተማሪያቸው ነበር። በማግሥቱ በሬዎች በአይሱዙ ጭኖ ሮቤ ገበያ እንደሚመጣ ነገራቸው።

ዓርብ ከኑሪያ ጋር ሮቤ ከብት ተራ ገባን። ሁሴን ከበሬዎቹ መሐል ሆኖ ዋጋ እየተነጋገረ ነው፤ አሁን ሆዱ የገፋ ትልቅ ሰው ሆኗል። አካም ጅርታ ብሎ ጨበጠን፣ ኳሱን ሲያይ ዓይኑ ረጠበ። ጠረጴዛ የለም፤ ኳሱን የአንዱ በሬ ጀርባ ላይ ደገፍ አድርጎ ፈረመ። እኔ አሁን ተሟላ ብዬ ፈጣሪዬን ላመሰግን ቀና አልኩ። ኳሱን በሁለት እጄ ይዤው ነበር። ከጎኔ የነበረው ሌላው በሬ ያን ጨው አሸተተ መሰለኝ፣ ምላሱን ዘርግቶ ኳሱን ከሥር እስከ ላይ አንድ ጊዜ ላሰው።

የማይለቅ የተባለው ማርከር ከበሬ ምላስ አያድንም። የጀማል ስም ግማሹ ሄደ።

ኑሪያ ከብት ተራው መሐል መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ሁሴን በሬውን ተቆጣ። ደላላው ደግሞ ይሄንን ሁሉ ሲያይ፣ «በጥሩ ጨው ያደገ በሬ ነው» ብሎ ለገዢው ዋጋ ጨመረበት። እኛ ወደ ጎባ ተመልሰን ጀማል ሱቁን ሲዘጋ ደረስንበት። እንደገና ፈረመ። ለሁለተኛው ፊርማ ሁለተኛ ስኳር የት አለ አለኝ፤ ዘውዴ የመለሰችልኝን አወጣሁለት። ቀልዱን ነበር፣ ግን ተቀበለው።

ቅዳሜ ዘለቀ ገባ። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ አልማዝ ክንዱን ይዛዋለች። እግሩን ልጠበው ብዬ ውኃ ባመጣ እምቢ አለ። ኑሪያና ጀማል እንኳን ለዚህ አበቃህ ሊሉት መጥተዋል፤ ሌላም ሰው በረንዳው ላይ አለ። ሶፋው ላይ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ። ኳሱን በሁለት እጄ ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው። ዓይኑ ውኃ እንደ ነካው ጠጠር ያበራል።

የመጀመሪያውን አነበበ። እንደገና አነበበ።

«ሐጂ ቃድር ይላል» አለ። «ቃድር ያኔ ሐጂ መቼ ነበር? ከሮቤም ወዲያ አልፎ አያውቅም ነበር እኮ።»

እናንተዬ፣ ሐጂ ሐጂ ስንለው ኖረን፣ እሱም በክብሩ ሲፈርም፣ አንዳችን እንኳ ልብ አላልነውም። ኳሱን ሳገላብጠው አድሬ አላየሁትም። ሌላኛውን አዞረ፤ ሃምሳ አለቃ እገሌ ይላል። ያኔ ሃምሳ አለቃው በእግሩ ጫማ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ መደበቅ የለም። ቅቤውንም፣ ጨርቁንም፣ ዱቄቱንም፣ በሬውንም ነገርኩት። ስጨርስ ዘለቀ ኳሱ ላይ አቀረቀረ። ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አልማዝ አባዬ ሐኪሙ አለች። ኑሪያም፣ «ዘለቀ፣ ወር ሳይሞላህ አይለቀስም፤ ከዚያ በኋላ አብረን እናለቅሳለን» አለችው። ዘለቀ ኳሱን ቀስ አድርጎ አዞረው። አውራ ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ። ፊቱ ተፈታ።

«ይሄኛውስ አልጠፋም» አለኝ። «የበቀለ ነው። ተመልከቺ፣ ጭራውን እንዴት ወደ ላይ እንደሚቆለምመው።»

ጀማል ጣራ ጣራውን አየ። ኑሪያ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ አዎ፣ እሱማ አልለቀቀም አልኩት። ይሄ ጽሑፍ እጁ ከገባ ያነበዋል፤ ይወቀው፤ ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

ከዚያ አንድ ጊዜ ሲያዞረው መሐል ለመሐል የተሰመረበት ስም መጣ። ዘለቀ አነበበው። ዋና ዳኛ የሚለውንም አነበበው። መሥመሩንም ያነበበ መሰለኝ።

«ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

ደብተሩ እሳቸው ዘንድ ነው፣ ያለ እሳቸው ሁሴንን አናገኘውም ነበር አልኩት። ከበረንዳው ሳል ተሰማ። መምህር እንኳን ለዚህ አበቃህ ሊሉ ከሰው ጋር መጥተው፣ ሳይገቡ ቆመው ኖሯል። ዘለቀ ሳሉን አወቀው።

«ይግቡ» አለ። «ገብተው ኦፍሳይዱን ያሳዩኝ። አሁን አያለሁ።»

መምህር ገቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ዘለቀ ጠረጴዛው ላይ ስኒ ደረደረ፤ ይሄ በቀለ ነው፣ ይሄ የሮቤው ተከላካይ ነው፣ ማሰሮዋ ጎሉ ናት አለ። መምህር በቀለን አንድ ጣት ወደፊት ገፋ አደረጉት። ዘለቀ መልሶ ጎተተው። መምህር ገፉት። ዘለቀ ጎተተው። አንድ ስኒ ተሰበረ፤ የሮቤው ተከላካይ ነበር። ያን ጊዜ ዘለቀ ወደኔ ዞረ።

«እሷ ትመስክር» አለ። «ያን ቀን ከጎሉ ጀርባ ቆሎ ትሸጥ ነበር። ንገሪያቸው።»

እውነት ነው፣ ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ። እናንተም እንደ እግዜር ዳኝታችሁ ስሙኝ፤ በቀለ ተከላካዩን የአንድ በሬ ቁመት ያህል ቀድሞ ነበር፤ ኦፍሳይድ ነበር። ለአርባ ዓመት ያልተነፈስኩት ነው። መምህር አዩኝ። ማየቴን ያውቃሉ፤ ፊሽካቸውን ሲነፉ ዓይን ለዓይን ተያይተን ነበር። ዘለቀም አየኝ፣ በዚያ በአዲስ ዓይኑ።

«ተዋት» አሉ መምህር፣ የበቀለን ስኒ ራሳቸው ወደ ኋላ መልሰው። «እሷ ኳሱን አታይም ነበር። ቆሎውን እንኳ አልሸጠችም። ተጠባባቂዎቹ የተቀመጡበትን አግዳሚ ስታይ ነው የዋለችው። ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም እንጂ አይቼአለሁ።»

ለኔ አዝነው ነው ያሉት፤ ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ዘለቀ አልሳቀም። ግንባሩ ላይ የነበረውን መነጽር አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። ከመጣ ጀምሮ እኔን ራሴን አተኩሮ ሲያየኝ ገና ያን ጊዜ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ምን ያህል እንደሸበትኩ አላየም።

ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ፣ ለመምህር ውኃ ላመጣ ተነሣሁ።